ቦክስ ውስጥ ከባድ ሚዛን ላይ ትንሹ አንተ ከሆንክ ትልቁን ሰውዬ እንዴት ነው ምትገጥመው

"ኮች፣ እኔ እኮ 93 ኪሎ ነኝ፣ ሰውዬው 118 ነው አሉኝ፣ ምን ይሻለኛል?" ባለፈው ልምምድ ጨርሰን ሐይቅ ዳር ሳሩ ላይ ቁጭ ብለን የእጅ ፋሻችንን እየፈታን አንድ ልጅ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ ፈሪ ስለሆነ አይደለም የጠየቀው፣ ጥያቄው የምር ጥያቄ ነው። ሌላ ሚዛን ላይ ያለ ልጅ ይሄ ጭንቀት የለበትም፣ 60 ኪሎ ከሆነ ሚገጥመውም 60 ኪሎ ነው። ከባድ ሚዛን ግን ጣሪያ የለውም። የ2024ቱ ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ የወንዶች የመጨረሻው ሚዛን "ከ92 ኪሎ በላይ" ነበር፣ በቃ፣ 93 የሆነውም 130 የሆነውም እዛው ናቸው። እኛ ጋ ደሞ በዚህ ሚዛን ሚጫወት ሰው ጥቂት ስለሆነ የሚመጥንህን መርጠህ አትገጥምም፣ የተገኘውን ነው ምትገጥመው። ለልጁ ያን ቀን ያልኩት አጭር ነበር፣ እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው ምክንያቱም እሱ ብቻ አይደለም የሚጠይቀኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ጭንቅላትህ ውስጥ ይግባ። የትልቅ ሰው 25 ኪሎ ትርፍ ሪንግ ውስጥ የሆነ ሰው ይሸከመዋል፣ ወይ እሱ ወይ አንተ። ቆመህ ከጠበቅከው፣ ከተቃቀፍከው፣ ገመድ ላይ ከተደገፍክለት አንተ ነህ ምትሸከምለት። ካንቀሳቀስከው፣ ካዞርከው፣ አየር እንዲመታ ካደረግከው ራሱ ይሸከመዋል። ከዚህ በታች ምለው ነገር ሁሉ ፍጥነትም ይሁን ጃብ (በፊት እጅ ቀጥ ብሎ የሚወረወር ቡጢ) ይሁን ክሊንች (መያያዝ) ለዚህ ነው የሚሰራው፣ ክብደቱን ለባለቤቱ መመለስ ነው ስራህ።

እንደሚቻልማ ታይቷል። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደዛው ናቸው) በ1935 ሰኔ ወር ኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም ጆ ሉዊስ 89 ኪሎ ሆኖ 118 ኪሎ የሚመዝነውን ጣልያናዊ ግዙፍ ፕሪሞ ካርኔራን ገጥሞ በ6ኛው ራውንድ ጨረሰው። ጣልያን እኛን ለመውረር ጦር እያጓጓዘች የነበረችበት ወቅት ነው፣ ከጥቂት ወር በኋላም ገባች፣ ስለዚህ ጥቁር አሜሪካኖች ያን ግጥሚያ ያዩት የነበረው የኢትዮጵያን ጉዳይ ልባቸው ውስጥ አድርገው ነው። እኔ ይሄን ለልጆቹ ሁሌ ነው ምነግራቸው፣ ትልቁን ሰውዬ መርታት ለኛ ከስፖርትም ያለፈ ታሪክ አለው። በ2009 ደግሞ ዴቪድ ሄይ 98 ኪሎ ሆኖ 143 ኪሎ የሚመዝነውን፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ13 የሆነውን ኒኮላይ ቫሉዬቭን በነጥብ አሸነፈ። ሌሊቱን ሙሉ እየገባ እየወጣ፣ ጥቂት እየመታ፣ ብዙ እያስሳተ። ያምራል አላልኩም፣ ቀበቶውን ግን ይዞ ሄደ።

ከሁሉም በላይ ግን መታየት ያለበት ዩክሬናዊው ኦሌክሳንደር ኡሲክ ነው። 1 ሜትር ከ91 የሆነ ሰውዬ ከሱ 15 ሳንቲም የሚረዝመውን ታይሰን ፉሪን ግንቦት 2024 ሪያድ ላይ አሸነፈው፣ በዛው ዓመት ታህሳስ ላይ ደግሞ ሦስቱም ዳኞች 116 ለ112 ሰጥተውት ደገመው። ያን የመጀመሪያውን ግጥሚያ ቁጭ ብለህ ድምፁን አጥፍተህ እየው፣ ቡጢውን ሳይሆን የሁለቱን እግር ብቻ እይ። መሃል ላይ ፉሪ በአፐርከት (ከታች ወደ ላይ በሚመጣ ቡጢ) እና በሆድ ምት ሲያስቸግረው ታያለህ፣ እዛ ጋ ኡሲክ አልጠፋም አልሸሸም፣ ግፊቱን ነው የጨመረው፣ 9ኛው ራውንድ ላይ በግራው ሲያገኘው ፉሪ ከገመድ ገመድ እየተንገዳገደ ዳኛው ቆጠረበት። ለዛ ምት የተከፈለው ዋጋ ቀደም ባሉት 8 ራውንዶች ነው የተከፈለው።

ግን አትሳሳት፣ "ትንሽ" ስንል ቀጭን ማለት አይደለም። ኡሲክ ክሩዘር ሚዛን (ከከባድ ሚዛን በታች ያለው) ላይ 90.7 ኪሎ ገደብ ውስጥ ነበር፣ ከዛ ወደ 100 ኪሎ አካባቢ ደረሰ፣ እግሩ ሳይከብድ። እኛ ጋ ያሉ ልጆች ግን ትልቅ ሰው ሲመደብላቸው የመጀመሪያ ሀሳባቸው መብላት ነው፣ በሁለት ወር 8 ኪሎ ስብ ይጨምራሉ ከዛ ሁለተኛው ራውንድ ላይ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ። እሱን በክብደት አትደርስበትም። ያለህን ፍጥነት ሸጠህ እሱ የተረፈውን ነገር አትግዛ።

እሺ አሁን ወደ ስራው። ርቀት። ትልቅ ሰው ፊት ሦስት ቦታ አለ። አንደኛው ከእጁ ጫፍ ውጪ፣ እዛ ሰላም ነህ። ሌላኛው ደረቱ ስር፣ ግንባርህ ትከሻው አካባቢ ሆኖ፣ እዛ ረጅም እጁ አይዘረጋም፣ ክርኑ ይታጠፍበታል። መሃሉ ላይ ያለው ግን፣ እሱ የሚደርስብህ አንተ የማትደርስበት ቦታ፣ እሱ ነው ሰው የሚያስመታው። አብዛኛው ልጅ ሚሸነፈው ስለፈራ እዛ መሃል ላይ ስለሚቆም ነው፣ ራቅ ያለ ይመስለዋል፣ አልራቀም። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፣ መሃሉ መንገድ ነው እንጂ ማረፊያ አይደለም፣ ታልፍበታለህ እንጂ አትቆምበትም።

እንዴት ነው ምታልፈው? ፊቱን እየፈለግክ ከመጣህ ረጅም መንገድ ነው፣ ጭንቅላቱ ሩቅ ነው ደግሞም ወደ ኋላ ያመልጥሃል። ደረቱ ግን አያመልጥም። የመጀመሪያ ጃብህን ደረቱ ላይ ወይ ግራ ትከሻው ላይ አሳርፍ፣ ትከሻውን ስትነካው የሱ ጃብ ለአፍታ ትዘገያለች፣ ሁለተኛው ጃብህ ከእግርህ ጋር ይግባ፣ ሦስተኛው ቀኝህ ሆድ። ሁልጊዜ ግን እየመታህ አይደለም፣ አንዳንዴ ትከሻህን ብቻ አንቀሳቅሰህ እግርህን መሬት ላይ ጠብ አድርገህ ትተወዋለህ፣ እሱ ይደነግጣል እጁን ያነሳል ምንም አልመጣም። እንዲህ ዓይነት ማታለያ አስር ጊዜ ስታደርገው ቡጢ ሳትወረውር አድክመኸዋል። ስትገባ ደግሞ ጉልበትህን እጠፍ፣ ወገብህን አይደለም! ከወገቡ ጎንበስ ያለ ልጅ ፊቱን ለአፐርከት ሳህን ላይ አድርጎ ነው ያቀረበው፣ ዓይኑም መሬት ነው የሚያየው። ጀርባህ ቀጥ፣ ዓይንህ ደረቱ ላይ፣ ቁመትህ በጉልበትህ ብቻ ይቀንስ። ጭንህ ይቃጠላል፣ ለዛ ነው ወር ሙሉ የምትለማመደው።

አሁን እግር፣ ዋናው ነገር። ትልቅ ሰው ከባድ ቡጢ ሚወረውረው ሁለቱ እግሮቹ ሲተከሉ ብቻ ነው። እግሩ አየር ላይ እያለ ወይም እየዞረ እያለ የሚወረውረው ቡጢ የክንድ ቡጢ ነው፣ ያማል ግን አይጥልም። ስለዚህ ያንተ ሰዓት ቆጣሪ የሱ ተረከዝ ነው። ሲተከል አንድ እርምጃ ወደ ጎን። ቀኝ እጀኛ ከሆነ ወደ ራስህ ቀኝ ስትዞር ከከባዱ ቀኝ እጁ ትርቃለህ፣ ግን ወደ ግራ ሁኩ (በጎን ዞሮ ወደሚመጣው ቡጢ) ትጠጋለህ ስለዚህ ቀኝ እጅህ ጉንጭህ ላይ ትጣበቅ፣ ሁለቴ ወደ ቀኝ ከሄድክ ሦስተኛውን ወደ ግራ አድርገው እንጂ አንድ መንገድ ብቻ አትልመድ፣ ይጠብቅሃል። ግራኝ ከሆንክ ደግሞ እድለኛ ነህ፣ የፊት እግርህን ከሱ የፊት እግር በውጭ በኩል አስቀምጥ፣ ግራህ መሃል ለመሃል ቀጥ ብላ ትገባለች የሱ ቀኝ ግን እስክትደርስብህ ብዙ ትዞራለች። ኡሲክም ግራኝ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሚታገለው ለዛች የእግር ቦታ ነው። ወደ ኋላ ቀጥ ብለህ ግን አትውጣ፣ በጭራሽ። ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ከረጅም እጅ አያመልጥም፣ ጀርባው ገመድ ያገኛል። መትተህ ስትጨርስ በፊት እግርህ ጣት ላይ ዙር፣ ያንተ ቡጢ አልቋል እሱ ግን ፊቱን ወደ አንተ ለመመለስ ሙሉ ሰውነቱን ማዞር አለበት። አንተ አንድ እርምጃ፣ እሱ ሦስት። ይሄን 50 ጊዜ አስደርገው።

አዳራሻችን ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጁን ከአንድ ሲሚንቶ ከሚያወርድ ሰውዬ ጋር አጋጠምኩት፣ ሰውዬው 112 ኪሎ ነው፣ ጥሩ ሰው፣ ልጁ ጋሼ ነው ሚለው። ለልጁ "ዛሬ ፊቱን አትምታው፣ ከደረት በታች ብቻ" አልኩት። እኔ ጥግ ላይ ተንበርክኬ የሰውዬውን እግር እያየሁ ሁለቱ ተረከዞች ወለል ሲነኩ "ተተከለ!" እላለሁ፣ ልጁ ይንቀሳቀሳል። የመጀመሪያው ራውንድ ላይ ሰውዬው ቶሎ ቶሎ ይተከላል፣ የስኒከሩ ሶል ሲሚንቶው ላይ ጪጭ ይላል፣ አንድ ቀኙ የልጁን ጓንት አልፎ ግንባሩን ሲነካው ልጁ ገመዱ ድረስ ሄደ። ሁለተኛው ላይ ጪጭታው ተለወጠ፣ እግሩን ማንሳት ትቶ መጎተት ጀመረ፣ ግራው ተረከዝ ከቀኙ ዘግይቶ ነው ሚያርፈው። ሦስተኛው ላይ "ተተከለ" የምልበት ጊዜ አጣሁ፣ ምክንያቱም ሳይተከል ነው ሚወረውረው፣ ቡጢው ልጁ ክንድ ላይ ያርፋል ግን ክንዱ ወደ ኋላ አይሄድም። ከአገጩ የሚወርደው ላብ ወለሉ ላይ ክብ ሰርቷል፣ እየዞረ የነበረው እሱ ስለሆነ። ልጁ ሲወጣ "ጋሼ አልጎዳሁህም አይደል?" አለው፣ ሰውዬው ወንበር ላይ ተቀምጦ "እግሬን ነው የጨረስከው" አለው። አንድም ፊት ላይ አልተመታም እኮ።

ክሊንች ላይ ልቆይ ምክንያቱም እኔ የተሸነፍኩት እዛ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ከኔ 20 ኪሎ ገደማ ከሚበልጥ ሰው ጋር ገጠምኩ፣ የመጀመሪያው ራውንድ የኔ ነበር፣ ሁለተኛው ላይ ትንፋሼ ሲያጥር ኮርነሬ ላይ የነበረው ሰው "ያዘውና ተንፍስ" እያለ ይጮሃል፣ ያዝኩት። ሰውዬው ብብቱን አንገቴ ላይ ጭኖ ዝም ብሎ ተደገፈብኝ። ሦስት ጊዜ። ዳኛው ሲለያየን ጭኔ ይንቀጠቀጣል፣ የተመታሁት ብዙ አልነበረም ግን ሦስተኛው ራውንድ ላይ እግር የሚባል ነገር አልነበረኝም። ያ እስከዛሬ ይቆጨኛል፣ ስለዚህ እናንተ አትድገሙት። ትንሹ ሰው ለማረፍ ብሎ አይይዝም። ከተያዝክ ደግሞ መጀመሪያ ጭንቅላትህን ከብብቱ ስር አውጣ፣ ግንባርህ ደረቱ ላይ ወይም ትከሻው ጎን ይሁን፣ አንገትህ ላይ ክንዱን እንዳይጭን። ሁለት እጆችህ ከሱ እጆች በውስጥ በኩል፣ ክንድህን ክንዱ መታጠፊያ ላይ አድርገህ ቁለፈው። ቀጥ ብለህ አትግፋው፣ በግፊያ እሱ ነው ሚያሸንፈው። ዳሌህን ዝቅ አድርገህ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ውጣ፣ የተደገፈበት ነገር ሲጠፋበት ወደ ፊት ይንገዳገዳል። አንድ እጅህ ነጻ ከሆነች ጎኑን ምታ፣ ዳኛው ብሬክ (ተለያዩ) እስኪል። ብሬክ ካለ በኋላ ግን እጅህን ወደ ላይ አንስተህ ዓይንህን ሳትነቅል ውጣ፣ ተዝናንቶ የሚወጣ ሰው እዛ ነው ሚመታው።

ሆድ ስለመምታት ብዙ አልልም፣ ቀላል ሂሳብ ነው። ረጅም ሰው ሆዱ ላንተ ቅርብ ነው፣ ለሱ ደግሞ ለመከላከል ክርኑን ማውረድ አለበት፣ ክርኑ ሲወርድ ፊቱ ይከፈታል። ጆ ፍሬዘር 1 ሜትር ከ82 ሆኖ በ1971 መሐመድ አሊን ያሸነፈው ራውንድ ከራውንድ ሆዱን እየሰራ ነው፣ 15ኛው ላይ ያ ታዋቂ ግራ ሁክ ሲያርፍ ያሊ እጅ ቀድሞ ደክሟል።

እዚህ ጋ ግን የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ልጆቹ የኡሲክን ቪዲዮ አይተው ኡሲክን እንሁን ይላሉ፣ ኡሲክ 12 ራውንድ አለው። እናንተ ያላችሁ 3 ራውንድ ነው፣ 3 ደቂቃ 3 ደቂቃ። ሰውዬው በ7ኛው ይደክማል ብለህ መጠበቅ አትችልም፣ 7ኛ ራውንድ የለም። በአማተር ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምረህ ነጥብ መልቀም አለብህ፣ ሁለት ሦስት ንፁህ ምት እየመታህ መውጣት፣ ዳኞቹ እንዲያዩህ፣ በየራውንዱ የመጨረሻ 30 ሰከንድ ላይ ደግሞ ሙሉ ጉልበትህን ማውጣት። ማድከሙ አለ ግን ከነጥቡ ጎን ለጎን ነው ሚሄደው።

የማይሰራበት ጊዜም አለ፣ ልንዋሽ አይገባም። ክሪስ በርድ በ1992 ባርሴሎና ኦሎምፒክ በ75 ኪሎ ብር ያገኘ ሰው ነው፣ ከዛ ከባድ ሚዛን ላይ ሻምፒዮን ሆነ፣ መከላከሉ እጅግ የሚገርም። በ2000 ቪታሊ ክሊችኮ ትከሻው ተጎድቶ ከ9ኛው ራውንድ በኋላ ሲያቆም አሸነፈው፣ ነጥቡን ግን ቪታሊ ይመራ ነበር። ታናሽየውን ቭላድሚርን ግን ሁለት ጊዜ ገጥሞ ሁለቴም ተሸነፈ፣ ሄይም በ2011 በቭላድሚር ተሸንፏል። ለምን? ቭላድሚር ረጅም ብቻ አልነበረም፣ ጃቡን ሳያቋርጥ ይወረውራል፣ አይቸኩልም፣ ስትገባበት ይይዝህና ክብደቱን ይጭንብሃል። ማለትም ክብደቱን ማን መሸከም እንዳለበት እሱም ያውቀዋል። እንዲህ ዓይነት ሰው ካጋጠመህ በሱ ጃብ የማትመታበት መንገድ ከሌለህ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። ጃቡን በኋላ እጅህ እየጠለዝክ፣ ጭንቅላትህን ከመሃል መስመር እያወጣህ፣ እሱ ጃብ በወረወረ ቁጥር ያንተም ጃብ አብራ እየሄደች። ይሄን ለመልመድ ከሁለት ወር በታች አይበቃም።

ልምምዱን ባህር ዳር ላይ እንዴት እንደምንሰራው ልንገራችሁና ላብቃ። ጠዋት 12 ሰዓት ከሐይቁ ዳር ተነስተን የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ቤዛዊት ኮረብታ እንወጣለን፣ ዳገቱን በጣት ጣትህ፣ ቁልቁለቱን ቀስ ብለህ፣ ጉልበትህን ጠብቅ። ከተማው 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ሳንባህ ላይ ይሰራል። ጎማ መሬት ላይ አስተኝተን በዙሪያው እየመታን እየዞርን፣ 3 ደቂቃ ሙሉ፣ ተረከዝ መሬት ሳይነካ። ገመድ ዝላይ ሁሌም አለ።

ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ላይ ግን እባካችሁ፣ 25 ኪሎ የሚበልጥ ሰው ጋር ሙሉ ጉልበት አትጫወቱ። የራስ መከላከያና የጥርስ መከላከያ፣ 16 አውንስ ጓንት፣ ትልቁ ሰው በግማሽ ጉልበት፣ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ተመትተህ ካዞረህ፣ ካቅለሸለሸህ፣ ራስ ምታቱ አልለቅ ካለህ እዛው አቁም፣ ሐኪም ሳያይህ ጓንት አታጥልቅ። ጀግንነት አይደለም እሱ።

ትልቅ ሰው ካላገኛችሁ ደግሞ እኛ ምናደርገው ይሄ ነው። ታንኳ ሚቀዝፉበት ዓይነት ረጅም ቀርከሃ እንወስድና ጫፉ ላይ አሮጌ ጓንት በደንብ እናስራለን፣ በጨርቅ ጠቅልለን እንዳይወጋ። አንዱ ይዞ በጃብ ፍጥነት ወደ ደረትህና ግንባርህ ይገፋዋል፣ አንተ ታጥፋለህ፣ ትጠልዛለህ፣ ጓንቱን አልፈህ ቀርከሃውን የያዘው ልጅ ደረት ድረስ ገብተህ በመዳፍህ ነካ አድርገህ በጎን ትወጣለህ። መጀመሪያ ቀን ሃያ ሞክረህ ሦስቴ ትደርሳለህ። ሃያ ሞክረህ አስራ አምስት ስትደርስ ያኔ ና፣ ሲሚንቶ የሚያወርደውን ሰውዬ እጠራልሃለሁ።